ጎተራው ውስጥ የቀረ ድምፅ

ቡንቱ ታላን፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2033

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለዳማያንቲ
ጆሆር

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የሰማዩ አምላክ በሰው አገር ይጠብቅዎ፤ የሚሠሩበትን እጅ ያጽናልዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አያቴም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው። ታናሼ ኔሊ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስታወራ ያፏጫል። እናቴ እንደታመመች ናት። በደቡቡ ክፍል ተኝታለች። ጠዋት ሩዝና ውሃ አቀርብላታለሁ፤ ሲመሽ ደህና እደሪ ብያት በሩን እዘጋለሁ።

በወረቀት የምጽፈው ስልክ ላይ አፌ ስለሚያያዝ ነው። ባለፈው እሑድ ሲደውሉ «እሺ» ብቻ ስል እንደቆየሁ አውቃለሁ። መናገር የነበረብኝ ሁሉ የመጣልኝ ከተዘጋ በኋላ ነው። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ደግሞ ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ደብዳቤውን ወደ ራንቴፓኦ ጎመን የሚያወርደው ሹፌር ፖስታ ቤት ያደርስልኛል።

ስለ ሽኝቱ ድግስ ለጠየቁኝ፣ ቀኑ ገና አልተቆረጠም። አያቴ «ዳማያንቲ ሳትመጣ ምኑን እናርዳለን? አንድ እህቷ እሷ ናት። በስሟ የሚቆም ጎሽ ያስፈልጋል» ይላል። አንዱ ጎሽ ከታች ታስሯል፤ ሌላው ከእርስዎ ነው የሚጠበቀው። ይህን ጻፊ ያለኝ እሱ ነው። እኔ አፍሬ ነው የጻፍኩት።

ከፓሎፖ ሆስፒታል በሰጡን ወረቀት ላይ እናቴ በጁን ወር ሞተች ይላል። የመንደሩ ጸሐፊ ሊመዘግብ መጥቶ ነበር። አያቴ «መዝግብ፤ የመንግሥት ነገር የመንግሥት ነው። እዚህ ቤት ግን ጎሹ ሳይወድቅ ማንም ያንን ቃል አይናገርም። ትሰማለች» አለው። ጸሐፊውም የእኛው ሰው አይደል፤ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ወደ ደቡቡ ክፍል ዞረና «ይማርሽ ኖርማ» ብሎ ወጣ።

እናታችን ካሊማንታን የዘንባባ እርሻ ላይ ልትሠራ የሄደችው ኔሊ ገና መናገር ስትጀምር ነበር። ስለዚህ እናቷን የምታውቀው በድምፅ ነው። እናቴ በየምሽቱ አንዳንድ ተረት ቀድታ ትልክልን እንደነበር እርስዎም ያውቃሉ። አሁንም ማታ ማታ በእሷ ስልክ አንዱን እከፍትላታለሁ። ሁሉም የሚያልቁት በአንድ ነገር ነው፤ «በሩን ገፋ አድርጊው፣ ድመቷ ትገባለች» ትላለች። መሃሉ ላይ ትንሽ ትስቃለች። ኔሊም በሩ ተዘግቶ እንኳ ቢሆን ተነስታ ገፋ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ወዲያው ትተኛለች። ድመቷ ከሞተች ቆይታለች። ይህን አልነገርናትም።

ሹፌሩ ግን ተረቶቹ ስልኩ ውስጥ የሉም ይላል። አዲሶቹ ስልኮች እንደ መስኮት ናቸው አለኝ፤ ዕቃው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሰው ሁሉ ጎተራው የሚለው ቦታ። እርስዎ የሚሠሩት እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ምን ይመስላል?

በጸሎትዎ ያስቡን።

የእህትዎ ልጅ
ዮስፒና


ጆሆር፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2033

ለምወድሽ ለዮስፒና፣ ለእኔ ፒና

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ጌታ ያሳድግሽ፤ ጣራችሁን ከንፋስ፣ ሆዳችሁን ከረሃብ ይጠብቅ። ለአባቴ ጉልበት ቅባት ልኬያለሁ፤ ይቀባው እንጂ ለጎሹ እንዳይቀባው ንገሪው፤ አውቀዋለሁ። ለኖርማ ደግሞ አዲስ ጨርቅ ልኬያለሁ። ስታለብሻት «ከዳማ ነው» በያት።

አንቺ እኮ በአፍሽ «እሺ» ብቻ ነሽ፤ በወረቀት ግን ለፍላፊ ነሽ። እንደ እናትሽ። እሷም ልጅ ሳለች እንግዳ ሲመጣ ሩዝ ጎተራው ሥር ትደበቅ ነበር። እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ቁጭ ብላ እሱን እየመሰለች በሳቅ ታፈርሰን ነበር።

አዎ፣ የምሠራው እንደዚያ ባለ ቤት ነው። ምን ይመስላል ላልሽው፣ መስኮት የለውም። ከውጭ ስታዪው ግድግዳ ብቻ ነው። ከውስጥ ረጅም መንገድ፣ ግራና ቀኝ ጥቁር ሣጥን፣ ሣጥኑ ሁሉ በር በር አለው። በሮቹ ላይ ትንንሽ መብራት ይርገበገባል። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ትዝ ያለኝ የእኛ ገደል ነው፤ ሙታኖቻችን ያሉበት፣ በር በበር የሆነው ድንጋይ። ብቻ የእኛው ጸጥ ያለ ነው፤ ይህ ግን ቀን ከሌት ይጮኻል፤ ጆሮዬ ቤት ስገባም አይለቀኝም። ብርዱ ደግሞ! ውጭ ሰው በላብ ይጠመቃል፣ እኛ ውስጥ ሁለት ጃኬት ደርበን አቧራ እንጠርጋለን። አንድ ክፍል የምንጋራው ሱሚያቲ የምትባል የብሊታር ሴት አለች። «ዳማ፣ እኛ የሰው ሠርግ ፎቶ እንዳይሞቀው ነው በብርድ የምንሞተው» ትለኛለች። ማቀዝቀዣው ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ በእኛ መኝታ ቤት ግን ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ ነው።

ስለ ድግሱ አባቴን እግሩን ሳሚልኝና እንዲህ በይው፤ በጁላይ፣ አዝመራው ሲገባ እመጣለሁ። ኮንትራቴ የሚያልቀው ያኔ ነው። ጎሹ የእኔ ጣጣ ነው። ያለ እኔ ግን እንዳታርዱ። ስትታመም አልነበርኩም፤ ሆስፒታል ስትገባ አልነበርኩም፤ ስትሸኝም ካልነበርኩ መንደሩን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

የላክሁትን ለሩዝና፣ የኖርማ ገላ እንዳይለወጥ ለሚያክማት ሰው መድኃኒት አድርጉት።

አክስትሽ
ዳማያንቲ


ቡንቱ ታላን፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2034

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ

አዲሱ ዓመት በረከት ይዞልዎ ይግባ፤ በዚያ ብርድ ቤት አምላክ ያሙቅዎ። ጨርቁን አልብሻታለሁ። «ከዳማ ነው» ስላት አያቴ ከበሩ ላይ ሆኖ «ቀለሙን ወዳዋለች» አለ። ቅባቱን ግን ለጎሹ ቀብቶታል።

አክስቴ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ከገና በኋላ ኔሊን ላስተኛት ስከፍተው ተረቶቹ አልመጡም። «ባለቤቷ መሆንዎን ለማረጋገጥ ፊትዎን ያሳዩ» የሚል ወጣ። በየጥቂት ወሩ እንደዚህ ይጠይቃል አሉ። እኔ የራሴን ፊት አሳየሁት፤ እንቢ አለ። ኔሊም የራሷን አሳየችው፤ በወለቀው ጥርሷ እየሳቀች። በማግስቱ አያቴ «ባለቤቶቹን አነጋግሪያቸው» አለኝና ፊቴ ተቀመጠ። ሰው አይደለም የሚያነጋግረው፤ የሴት ድምፅ ያለው ነገር ነው። እኔ ለእሱም አፈርኩ።

«ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ደህና መጡ። የስልኩ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«ልጇ ነኝ።»

«እናትዎ በሕይወት አሉ?»

አያቴን አየሁት። «ምን ታይኛለሽ? ታማለች በያት» አለኝ።

«ታማለች።»

«እግዜር ይማርልን። በሕይወት ካሉ ራሳቸው መክፈት ይችላሉ። ስልኩን ወደ ፊታቸው ያቅርቡልን።»

አያቴ ተነስቶ የደቡቡን ክፍል ከፈተ። ከፊቷ ላይ ጨርቁን ገለጥ አደረገና፣ «ኖርማ፣ ስልክሽ ይፈልግሻል፤ እስቲ አንዴ እይልን» አላት። እኔ ስልኩን ያዝኩት። አያቴ ከታች ደገፈልኝ።

«ዓይናቸውን እንዲከፍቱ ይንገሯቸው» አለች ድምፅዋ።

«ይህቺ ሴትዮ ልጄን አታውቃትም» አለ አያቴ። «ኖርማ በልጅነቷም ተነሺ ተብላ ዓይኗን አትከፍትም ነበር።»

«ፊቱ አልታወቀም። ወደ ብርሃን ቀረብ ይበሉና እንደገና ይሞክሩ።»

መስኮቱን ከፈትን። መብራት አመጣን። ድምፅዋ አንዴም አልተቆጣችም፤ ቀጥሎ «ዓይናቸውን ይክፈቱ»፣ ቀጥሎ «ትንሽ ቀና ይበሉ»። በመጨረሻ «ለእናትዎ ደህንነት ሲባል በሩን ቆልፈነዋል» አለች። አሁን ስልኩ ላይ ያለው የተዘጋ በር ሥዕል ብቻ ነው። አያቴ ጨርቁን መልሶ አለበሳትና «ይቅርታ፣ አስቸገርንሽ» ብሏት ወጣ።

የአያቴን አሮጌ ስልክ ያስታውሱታል? መስታወቱ የተሰነጠቀው፣ ውስጡ ትንሽ ካርድ የሚገባበት። ከእናቴ የተረፈ ነገር ይኖርበት ይሆን ብዬ በፎጣ ጠርጌ አበራሁት። ሠራ! ውስጡ ያለው ግን ሁሉም የአያቴ ተዋጊ አውራ ዶሮ ነው። ዶሮው ቆሞ፣ ዶሮው ተቀምጦ፣ ዶሮው አያቴ ጭን ላይ። አንዱ ላይ ከዶሮው ኋላ የእናቴ እግር ይታያል። ዶሮው ከተበላ ስንት ዓመቱ፤ እሱ አለ። እናቴ የለችም።

አክስቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። በሮቹን ይጠርጋሉ ብለውኛል። በሮቹ ላይ ስም ይኖርባቸው ይሆናል። ባይኖርም የሚያውቅ ሰው ይኖራል። የእናቴን ስም፣ የተወለደችበትን ቀንና የስልኳን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ሲጠርጉ ቢያገኟት፣ ተረቶቹን ማውጣት እንኳ ባይቻል፣ እዚያ መኖሯን ብቻ አይተው ይንገሩኝ።

ጎሹን በሚመለከት አያቴ ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው ግን ይህንን ነው።

ዮስፒና


ጆሆር፣ ማርች 19 ቀን 2034

ለፒናዬ

የጌታ ሰላም ቤታችሁን ይሙላው። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ ወደ ድሮው መኝታ ቤት አትጻፊ፤ ከኋላ በጻፍኩልሽ አድራሻ ይሁን። ሥራ ቀይሬያለሁ። አሁን ዓሣ የሚታሸግበት ነኝ፤ ወረቀቱ ቢሸትሽ ለዚያ ነው። ለጊዜው ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ መሳቅ አልቻልኩም። ልጄ፣ በሮቹ ላይ ስም የለም። አንድ ሰው አንድ ቦታ አይቀመጥም አሉኝ፤ ቆራርጠው ነው የሚበትኑት፤ ቁራጩ እዚህ፣ ቁራጩ ሌላ አገር። ከኖርማም ምናልባት በአንዱ በር ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ነበረች፤ እኔም ጠርጌው አልፌ ይሆናል።

አንድ ባለሙያ ጠይቄ ነበር። የነገረኝን ስሚኝ፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሰው ከሞተ በአንድ ዓመት ውስጥ ወራሹ ቀርቦ «ሞታለች» ካለ፣ የሆስፒታሉን መዝገብ ያያሉ፣ ያለውን ሁሉ ይሰጡታል። ዓመቱ ካለፈ ይጠፋል፤ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ኖርማ ሆስፒታል የሞተችው በጁን መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ከጁን በፊት። አንዲት ቃል ናት፣ ፒና። በስልክ ለማያይሽ ነገር ነው የምትናገሪው። ማን ይሰማል?

ለጎሹ ትንሽ ታገሱኝ። ለጁላይ እመጣለሁ ብያለሁ፤ እመጣለሁ። ያለ እኔ እንዳታርዱ።

በዚህ ጊዜ የላክሁት ትንሽ ነው። አትታዘቡኝ።

ዳማያንቲ


ቡንቱ ታላን፣ ሜይ 1 ቀን 2034

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ

አምላክ በአዲሱ ሥራ ሞገስ ይስጥዎ። ዓሣው እጅዎን እንዳይቆርጥዎ ጓንት ያድርጉ። ምን እንዳጋጠመዎ አልጻፉልኝም፤ እኔም አልጠይቅም።

ያሉትን አደረግሁ። ቤት ውስጥ ስላልደፈርኩ ወደ ሩዙ ማሳ ወረድኩ፤ ከእናቴ ክፍል መስኮት የማይታይበት ድረስ። እዚያም አንገቴን ደፍቼ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ተናገርኩት። ድምፅዋ «ይቅርታ፣ ጎላ አድርገው ይድገሙልን» አለችኝ። ደገምኩት። አጠገቤ የነበሩት ዳክዬዎች ዞር ብለው ያዩኝ መሰለኝ። ከዚያ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ልጅ ስለሆንኩ አዋቂ ወራሽ ራሱ ይናገር አለች። አባታችን ፓፑዋ ከገባ ወዲህ ወሬው ስለሌለ ያለው አያቴ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን የእናቴን ሩዝ ሳቀርብ ቀና ብዬ አላየኋትም። ዓሣ ጨመርኩላት።

ለአያቴ መናገሩ ሳምንት ፈጀብኝ። ቀርከሃ ሲሰነጥቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነገርኩት።

«እዚያ ማሳ ላይ ብለሽዋል?»

«አዎ።»

«ሞኝ። ቢያንስ ራቅ ብለሽ ሄደሻል።» ቀርከሃውን አስቀመጠ። «እኔን ግን አታስብይኝ። ልጄ ቤቴ ተኝታ፣ ሩዝ እየበላች፣ አባቷ ሞታለች ብሎ ለሣጥን ይናገር? ጎረቤት ሰምቶ ‹ሽማግሌው ኔ ሳምፔ ጎሽ ላለማረድ ልጁን በስልክ ገደላት› ይበለኝ?»

«ከጁን በኋላ ይጠፋል አያቴ። ኔሊ...»

«ኔሊ ኔሊ አትበይኝ። ኖርማስ ልጄ አይደለችም?» ቀርከሃውን መልሶ አነሳው። በኋላ ግን እንዲህ አለኝ፤ «እንግዲያው ድግሱን እናስቀድመው። በዚህ ወር መጨረሻ እናርድ። ጎሹ ሲወድቅ ሞተች ማለት ነው፤ ያኔ ለፈለገችው ሴትዮ እናገራለሁ። አንዱ ጎሽ ይበቃል፤ ሰው ሊያማኝ ካሻውም ይማኝ። ግን ዳማያንቲን ለምኛት። ያለ እህቷ ፈቃድ ቢላዋ አላነሳም። ወይ ትምጣ፣ ወይ እረዱ ትበል።»

አክስቴ፣ እባክዎ እረዱ ይበሉ። ገንዘብም ጎሽም አይላኩ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ደብዳቤ ከዘገየ ለመንደሩ ጸሐፊ ይደውሉለት፤ ቁጥሩን ከታች ጽፌዋለሁ። ለእኔ ባይሆን እንኳ ለእሱ ይንገሩት።

ኔሊ አሁን ስትተኛ በሩን አትገፋም። የሚነግራት የለም።

ዮስፒና


ጆሆር፣ ጁን 24 ቀን 2034

ለፒና

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቤት ቀይሬ ስለነበር ደብዳቤሽን ያገኘሁት ገና ትናንት ነው። ስልክም ለጊዜው የለኝም።

አባቴን እለምነዋለሁ፤ አይረድ። ለጁላይ ሦስተኛው ሳምንት ይሁን፤ እመጣለሁ። በመርከብም ቢሆን፣ በሌላም ቢሆን እመጣለሁ። እህቴ ያለ እኔ ጎሽ ብቻዋን ስትወጣ ካየሁ እንደ ሰው አልቆጠርም። ስለ ጎተራው ያሉትን ደግሞ ሁሉንም አትመኚ፤ ጥቂት ሳምንት ቢያልፍ ምን ያደርጋሉ? ይህን ያህል ድንጋይ አይሆኑም።

ፀሐይ ስትወጣ ሁልጊዜ ወደ እናንተ ዞሬ እጸልያለሁ።

ዳማያንቲ


ቡንቱ ታላን፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2034

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ

የትም ይሁኑ የት አምላክ ከእርስዎ ጋር ይሁን። ይህን ደብዳቤ ለሱሚያቲ ነው የምልከው። እሷ ባሉበት ታደርስልዎታለች ብዬ ነው።

እናቴ በጁላይ ሦስተኛው ሳምንት ሞተች። እንዳሉት ጠብቀንዎት ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ኔሊ ወደ መንገዱ ትሮጥ ነበር። ዝናብ በሌለው ወር ዘነበ፤ የእንግዶቹ ዳስ ጭቃ ሆነ። አያቴ ቢላዋውን ከሚይዘው ሰው ጋር ቆሞ፣ «ትንሽ እንቆይ፣ መኪና ሰማሁ» ሲል ጎረቤቱ «ኔ ሳምፔ፣ ነጎድጓድ ነው» አለው። ከዚያ ጎሹ ወደቀ። ሴቶቹም ገብተው የእናቴን ራስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሙታን አገር አዞሩት። የዚያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ከዚያ በፊት አልቅሼ አላውቅም።

ሥጋው ሲታደል ከማማው ላይ ስም በስም እየተጠራ እንደሚወረወር ያውቃሉ። የእርስዎም ስም ተጠራ። ማንም አልተነሳም። ደግመው ጠሩ። አያቴ ተነስቶ ሥጋውን ከጭቃው ላይ አነሳና ቅጠል ጠቅልሎ ጎኑ አስቀመጠው። «መንገድ ላይ ናት» አለ። ማንም አልሳቀበትም።

እናቴን ገደሉ ላይ ካስገባናት በማግስቱ አያቴ የክት ሸሚዙን ለብሶ ስልኩን ራሱ ያዘ። አፉን በጣም አስጠግቶ ጮኸበት።

«ልጄ ኖርማ ሞታለች። አባቷ ነኝ።»

«ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» አለች ድምፅዋ። «የሞቱት መቼ ነው?»

«በዚህ ሳምንት። ጎሽ አርጄ፣ ሕዝብ እያየ።»

«በሆስፒታሉ መዝገብ መሠረት ያረፉት ባለፈው ዓመት በጁን ወር ነው። በጃንዋሪ ወር ከቤተሰቡ ‹ታመዋል› የሚል ቃል ተቀብለናል። የመጠየቂያው ጊዜ አልፏል፤ በስማቸው የነበረው ተነስቷል።»

«የት ነው የተነሳው? ንገሪኝና ሄጄ ላምጣው።»

«የለም፣ ውድ ደንበኛችን።»

አያቴ ስልኩን ገልብጦ ኋላውን አየው። «ሴትዮ፣ እኔ አልዋሸሁሽም» አላት። «ታማለች ስልሽ ታማ ነበር። ሞታለች ስልሽ ሞታለች።» ድምፅዋም «ሌላ የምንረዳዎ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ከልቡ አስቦ «የለም፣ አመሰግናለሁ» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዶሮ እንኳ አላሳደደም።

አክስቴ፣ ሱሚያቲ ጽፋልኛለች። መልስዎ ሲዘገይብኝ በድሮው አድራሻም ጽፌ ስለነበር ነው። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እዚያ እንደሌሉ፣ የእናቴን ስም የያዘች ትንሽ ወረቀት ጥበቃው ጃኬትዎ ውስጥ እንዳገኘ፣ «የደንበኛ ነገር ልትሰርቂ ነው» ብለው እንዳባረሩዎት፣ ከዚያም የመኖሪያ ፈቃድዎ እንደተሰረዘና ከቤት ቤት እንደሚዞሩ ሁሉንም ነገረችኝ። «ስልኳንም ሸጣለች፤ ለጎሽ ነው ትል ነበር» ብላለች። ወረቀቷን የጻፍኳት እኔ ነኝ። ፊደሎቹን ውብ ለማድረግ በማስመሪያ ነበር ያሰመርኳት።

ለአያቴ አልነገርኩትም። የእርስዎን ድርሻ ሥጋ አድርቆ ከምድጃው በላይ ሰቅሎታል።

አሁን ልነግርዎ የምፈልገው ሌላ ነው። ኔሊ ካልተኛች ቀኑ አያልፍም፤ ስለዚህ አንድ ምሽት የደቡቡ ክፍል ባዶ ስለሆነ እዚያ ገባሁና ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ የእናቴን ድምፅ አወጣሁ። ዝንጀሮዋና ኤሊው ሙዝ የተከሉበትን ተረት አወራሁላት። መጀመሪያ «አንቺ ነሽ!» ብላ ሳቀች። በሌላው ቀን ግን አልሳቀችም። ቀጥሎ ራሷ «እማዬን አምጪያት» ማለት ጀመረች። ሰው ፊት መናገር የማልችለው እኔ፣ ግድግዳ ሲኖር ሁሉም ይወጣልኛል። በመጨረሻ «በሩን ገፋ አድርጊው፣ ድመቷ ትገባለች» ስል የእግሯን ኮቴ እሰማለሁ። በሩ ጠቅ ይላል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን እኔ ብቻዬን ስሆን እናቴን ለመስማት ዝም ብዬ ስጠብቅ፣ አሁን የሚመጣልኝ የእኔ ድምፅ ነው። በየምሽቱ በተናገርኩ ቁጥር የእሷን ትንሽ ትንሽ እያነሳሁ የራሴን የማስቀምጥበት ይመስለኛል። ኔሊ ሳታውቅ እናቴን እያጠፋኋት እንደሆነ እፈራለሁ። ብተወው ደግሞ ኔሊ አትተኛም።

ስለዚህ ጎሽ አይላኩ፤ ገንዘብም አይላኩ። መምጣት ካልቻሉም አንቀየምም። እርስዎ ከእሷ ጋር ያደጉ ነዎት፤ ሳቋን ከእኛ በፊት ያውቁታል። «ገፋ አድርጊው» ካለች በኋላ ነበር የምትስቀው ወይስ «ድመቷ» ካለች በኋላ? እኔ ከ«ድመቷ» በፊት ይመስለኛል፤ ኔሊ ደግሞ በኋላ ነው ትላለች፤ ግን እሷ የምታስታውሰው የእኔን ይሁን የእሷን አላውቅም።

ይህችን ብቻ ይጻፉልኝ። ዛሬ ማታ እንዳልሳሳት ሳልስቅ አልፌዋለሁ።

ልጅዎ
ዮስፒና